ሥራ ከማቆም በፊት፣ በአድማው ቀንና በማግስቱ፦ ለሀዋሳ የጤና ባለሙያዎች የአሠራር መመሪያ

ሀዋሳ ላይ ነጭ ጋወን የሚለብስ ሁሉ አሠሪው አንድ አይደለም፤ የሚዳኝበትም ሕግ አንድ አይደለም። ብዙ አድማ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የግል ክሊኒክ ነርስና የሪፈራል ሆስፒታል ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ተመካክረው በአንድ ቀን ይወጣሉ። ደብዳቤ ሲመጣ ግን አንዱን የሚያስጠይቀው ሕግ ሌላውን አይመለከተውም። መመሪያው ሥራ ለማቆም ለሚያስቡ፣ ላቆሙ፣ እንዲሁም ከአድማው ጋር ባይስማሙም ተረኛ ሆነው ለሚቀሩ ባለሙያዎች ነው። የጠበቃ ምክርን አይተካም።

1. አሠሪያችሁንና ሕጋችሁን ለዩ

የቅጥር ደብዳቤያችሁን አውጡና ማኅተሙን እዩ። ሰው ሁሉ «ሪፈራል» የሚለው የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የዩኒቨርሲቲው አካል ስለሆነ ሠራተኛው በፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ይተዳደራል። አዳሬ ሆስፒታልና የከተማው ጤና ጣቢያዎች ያላችሁ የክልል የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁ፤ ሕጉም የይግባኙ በርም ሲዳማ ክልል ውስጥ ነው። በግል ሆስፒታል፣ በክሊኒክና በመድኃኒት ቤት የምትሠሩ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ናችሁ። ኢንተርኖች ገና ተማሪዎች ስለሆናችሁ የሚመለከታችሁ የዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ነው። የጎደለ የልምምድ ቀን ተደግሞ ምረቃን ሊያዘገይ ይችላል። ሬዚደንቶች ደግሞ ስፖንሰር ካደረጋችሁ መሥሪያ ቤት ጋር የፈረማችሁትን ውል አንብቡ፤ ከሥራ መሰናበት የአገልግሎት ግዴታውን ገንዘብ የሚያስከፍል ከሆነ አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የሥራ ሁኔታቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች የሆኑ የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት፣ ሥራ ማቆምን ጨምሮ ቅሬታቸውን የማሰማት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ወረድ ብሎ ግን የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች እንደሆኑ በሕግ ይወሰናል ይላል። ክፍተቱ ያለው እዚህ ነው። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጆች ለአድማ የድምፅም የማስታወቂያም ሥርዓት አይዘረጉም፤ በተቃራኒው ሆን ብሎ ሥራ ማስተጓጎልን ከከባድ የዲሲፕሊን ጥፋቶች ይመድባሉ። የግሉ ዘርፍ ነገር የበለጠ የተቆረጠ ነው። አዋጅ 1156 በአንቀጽ 137(2) ሆስፒታልን፣ ክሊኒክንና መድኃኒት ቤትን ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ ከሆኑ አገልግሎቶች ይቆጥራቸዋል፤ ስለ ሥራ ማቆም መብት የሚናገረው አንቀጽ 158ም እነዚህን አይጨምርም።

በወንጀል ሕጉም ሦስት አንቀጾች አሉ። አንቀጽ 421 የመንግሥት ሠራተኛን ሕገ ወጥ አድማ ይመለከታል። አንቀጽ 537 በብርቱ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት የሙያ አገልግሎት መንፈግን፣ አንቀጽ 575 ደግሞ ሕይወቱ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሳይረዱ መቅረትን ያስቀጣሉ። የኋለኛው የሕክምና ግዴታ ያለበትን ሰው ጠንከር አድርጎ ይይዛል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ መንግሥት ድርጊቱን ሕገ ወጥ ነው ብሎ ብዙዎችን አስሯል።

ይህን የምንዘረዝረው ለማስፈራራት አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያጸደቀቻቸው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነቶች 87 እና 98 የመደራጀትና የመደራደር መብትን ይጠብቃሉ። የድርጅቱ ቁጥጥር አካላትም አድማ የተከለከለበት ሠራተኛ በምትኩ ገለልተኛ የማስማማትና የግልግል ዳኝነት ሊያገኝ ይገባል ይላሉ። ጥያቄያችሁ መሠረት አለው። ሆኖም ሙሉ ሥራ ማቆም ሕግ ከሁሉ ያነሰ ከለላ የሚሰጠው እርምጃ ስለሆነ ከእርሱ በፊት ያሉት እርምጃዎች በወረቀት ተሟልተው መገኘት አለባቸው።

2. ወረቀት ሰብስቡ

ያልተከፈለ ዲዩቲ (የተረኝነት ሥራ) ዋናው ቅሬታ ከሆነ «ወራት አልተከፈለንም» ማለት አይበቃም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ አዘጋጁ፦ ወር፣ የዲዩቲ ቀን፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ አዳር ወይም በዓል ወይም ቅዳሜና እሑድ መሆኑ፣ ሊከፈል የሚገባው፣ የተከፈለው፣ ቀሪው። ከጎኑ የክፍል ኃላፊው ወይም ሜትረኗ (የነርሶች ኃላፊዋ) የፈረሙበት የዲዩቲ ሺት ቅጂ ይያያዝ። ሺቱ ከክፍል ወደ ሰው ሀብት፣ ከሰው ሀብት ወደ ፋይናንስ ሲሄድ መንገድ ላይ መጥፋቱ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ ከመላኩ በፊት ፎቶ አንሱት። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የዓመቱን ቀሪ ሒሳብ በጽሑፍ የምታቀርቡት ከሰኔ በፊት ይሁን። ከተዘጋ በኋላ «የዘንድሮ በጀት ያለፈውን አይከፍልም» የሚል መልስ ይመጣል።

የግል ሆስፒታል ሠራተኞች ስሌቱን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። የወር ደመወዝ 12,480 ብር ቢሆን፣ ለ26 ቀንና ለ8 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 60 ብር ይሆናል። በአዋጅ 1156 መሠረት የትርፍ ሰዓት ክፍያው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ 90 ብር ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ 105፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ ሆኖ 120፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ 150 ብር ይሆናል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም።

ጓንት፣ ማስክ፣ ውሃ፣ ኦክስጅን ጠፋ የምትሉ ከሆነ የዕቃ መጠየቂያ ፎርሙን «የለም» ተብሎ ከተመለሰበት ቀን ጋር ያዙ። የመርፌ ውጋት የደረሰበት ባልደረባ ካለ የአደጋ መዝገቡ ላይ መግባቱን አረጋግጡ፤ ያልተመዘገበ ውጋት ለካሣም ለተጋላጭነት አበል ክርክርም አይጠቅምም። የታካሚ ስምና ካርድ ቁጥር ግን ከምትሰበስቡት ወረቀት ሁሉ ላይ ይሰረዝ።

3. ጥያቄውን በሚፈታው አካል ክፈሉት

አድማ ሳይቋጭ ተንጠልጥሎ የሚቀርበት ዋና ምክንያት ሁሉም ጥያቄ በአንድ ደብዳቤ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ መሰጠቱ ነው። ሥራ አስኪያጁ የደመወዝ ስኬል አይቀይርም። በሦስት ከፍሉት። ሆስፒታሉ ራሱ የሚፈታው፦ የተጠራቀመ ዲዩቲ፣ የዲዩቲ ክፍል አልጋና ውሃ፣ የማታ ሰርቪስ፣ መከላከያ ዕቃ፣ የተረኛ ብዛት። ክልሉ ወይም ዩኒቨርሲቲው የሚፈታው፦ ለትርፍ ሰዓት የሚያዝ በጀት፣ የቤት አበል፣ ዝውውር፣ የደረጃ ዕድገት መዘግየት። የፌዴራል መንግሥት የሚፈታው፦ የደመወዝ ስኬል፣ የተጋላጭነት ክፍያ፣ ግብር፣ የጤና መድን።

ለሦስቱ ሦስት ደብዳቤ ጻፉ። የመጀመሪያው ክፍል ጥያቄዎች በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ሊያገኙ የሚችሉ ናቸው፤ እነርሱን ማስፈታት ኮሚቴው ላይ ያለውን እምነት ያጠናክራል፣ ለቀጣዩም ድርድር ማስረጃ ይሆናል። እያንዳንዱ ጥያቄ መጠንና ቀን ይኑረው። «የዲዩቲ ክፍያ ይስተካከል» ሳይሆን «ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው፣ በአባሪ 1 የተዘረዘረው ቀሪ ክፍያ እስከ ጥር 30 ይከፈል» ይባል።

ደብዳቤው ወደ መዝገብ ቤት ገብቶ በእናንተ ቅጂ ላይ ማኅተም፣ ቀንና ገቢ ቁጥር ይደረግበት። ገቢ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ግልባጭ ለሪፈራል ሠራተኛ ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንትና ለጤና ሚኒስቴር፣ ለአዳሬና ለጤና ጣቢያ ለከተማው ጤና መምሪያ፣ ለክልሉ ጤና ቢሮና ለፐብሊክ ሰርቪስ ቢሮ ይሂድ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሀዋሳ ላይ ቅርንጫፍ ስላለው ለእርሱም አንድ ቅጂ አስገቡ፤ በኋላ እስር ቢመጣ ፋይሉ አስቀድሞ ተከፍቶ ይገኛል።

የግል ተቋም ሠራተኞች ሌላ መንገድ አላችሁ። 10 ሠራተኛ ካላችሁ ማኅበር መሥርታችሁ አስመዝግቡ፣ የኅብረት ስምምነት ድርድር ጠይቁ፤ ካልተሳካ አስማሚ፣ ከዚያም ጊዜያዊ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ አለ። አዝጋሚ ነው፤ ነገር ግን በጋራ ጥያቄ ላይ አስገዳጅ ውሳኔ የሚሰጥ አካል ፊት መቆም ለመንግሥት ሠራተኛ ያልተከፈተ በር ነውና አትናቁት።

4. ኮሚቴና ድምፅ

ከእያንዳንዱ ሙያ ሰው ይግባበት፦ ሐኪም፣ ነርስ፣ ሚድዋይፍ፣ ላብራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ አንስቴዥያ፣ ራዲዮሎጂ፣ ከተቻለ የጽዳትና የካርድ ክፍል ሠራተኛም። የሐኪሞች ብቻ ኮሚቴ የሐኪሞችን ጥያቄ ይዞ ይገባና ነርሶች በሦስተኛው ቀን ይመለሳሉ። ድምፅ በምሥጢር ይሰጥ፣ የተገኙት ብዛትና ውጤቱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። አዋጅ 1156 አድማ ለተፈቀደላቸው ድርጅቶች የሚጠይቀው ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ የአብላጫ ድምፅና የ10 ቀን ቅድሚያ ማስታወቂያ ነው። እናንተን ባያስገድድም ይህን መለኪያ ተከተሉ፤ በኋላ «ጥቂት ግለሰቦች ያነሣሡት» ለሚለው ክስ መልሱ ቃለ ጉባኤው ነው። ያልተስማማን ባልደረባ ማስገደድ፣ በር መዝጋት፣ ስም እየጠሩ በቴሌግራም ማሸማቀቅ ግን አድማውን ወደ ወንጀል ጉዳይ ይለውጠዋል። ስህተትም ነው።

5. የማይቋረጠው አገልግሎት

ጥንቃቄ ከሁሉ በላይ የሚጠይቀው ሥራ ይህ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት መድቡለት። የዓለም ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው አቋም ሐኪሞች በጋራ ለመብታቸው ሲነሡ አስፈላጊና ድንገተኛ አገልግሎት በአድማው ሁሉ መቀጠል እንዳለበት ይናገራል። ሪፈራል ደግሞ የሀዋሳ ብቻ አይደለም፤ ከሻሸመኔ፣ ከዲላ፣ ከወላይታ፣ ከጉጂ የተላከ ታካሚ በሩ ላይ ሲደርስ የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለውም።

ድንገተኛ ክፍል፣ ማዋለጃ፣ ድንገተኛ ኦፕሬሽን፣ ጽኑ ሕሙማን፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል፣ ዲያሊሲስና ተኝተው ያሉ ታካሚዎች ሙሉ ሰው ይመደብላቸው። ሊቀነስ የሚችለው የቀጠሮ ኦፕሬሽንና አስቸኳይ ያልሆነ ተመላላሽ ነው።

የተረኛ ዝርዝሩን ስታወጡ የፋሲካ ወይም የፊቼ ጫምባላላ ዕለት የነበረውን የዲዩቲ ሺት መነሻ አድርጉት፤ ሆስፒታሉ በትንሹ ሰው መዋል የቻለበት ቀን ነውና። ግን በዚያ አትቁሙ። በበዓል ቀን ታካሚው ራሱ ይዘገያል፣ በማግስቱ ይመጣል፤ አድማ ላይ ግን ማግስት የለም። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ድንገተኛ ክፍል ላይ ተጨማሪ ሐኪምና ነርስ ጨምሩ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከሐኪሙ ጀርባ ያለው ሰንሰለት ነው። አንስቴቲስት (ማደንዘዣ ሰጪ) ከሌለ የሦስት ቀዶ ሐኪም መገኘት ሲዛሪያን አያሠራም። የማምከኛ ክፍሉ ካልሠራ ሁለተኛው ኦፕሬሽን ንጹሕ ፓክ አያገኝም። ላብራቶሪው ቢያንስ የደም ዓይነትና ክሮስማች (የደም መስማማት ምርመራ)፣ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ስኳር፣ ክሬአቲኒንና ኤሌክትሮላይት ይሥራ። የኦክስጅን ሲሊንደር የሚቀይር ሰው፣ ጄኔሬተር የሚያስነሣ ቴክኒሻን፣ ማዋለጃ የሚያጸዳ ሠራተኛ በስም ይጻፉ። ደም ባንክም እንዲሁ፤ ፕላትሌት ከ5 ቀን በላይ ስለማይቆይ የአንድ ሳምንት መቋረጥ ክምችቱን ባዶ ያደርገዋል።

ሌላው ወጥመድ ተመላላሽ ክፍልን ዘግቶ «ድንገተኛ ብቻ» ማለት ነው። ከማህፀን ውጭ እርግዝና ያላት ሴት ራሷን በድንገተኛ አትመዘግብም፤ «ሆዴን አመመኝ» ብላ ካርድ ክፍል ትሰለፋለች። ከባድ ኒሞኒያ ያለበት ሕፃንም በእናቱ ጀርባ ሆኖ እዚያው ሰልፍ ላይ ነው። ስለዚህ ካርድ ክፍሉ በር ላይ ልምድ ያላት የትሪያጅ ነርስ (ታካሚን በአስቸኳይነቱ የምትለይ) እና አንድ ሐኪም ይቀመጡ፤ ሳይታይ የሚመለስ ሰው አይኑር።

ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ከአድማው ቀን በፊት ይታሰቡ። ቀጠሯቸው በዚያ ሳምንት የሚውል የኤችአይቪ፣ የቲቢ፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የደም ግፊት ታካሚዎች ተደውሎላቸው መድኃኒታቸውን ቀድመው ይውሰዱ። ዋርፋሪን (የደም መርጋት መከላከያ) የሚወስዱ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛታይን ፔኒሲሊን የሚወጉ የልብ ታካሚዎች፣ ኬሞ ላይ ያሉ፣ በውሻ ተነክሰው ክትባት የጀመሩ በዝርዝር ይያዙ። የእብድ ውሻ ክትባት መሐል ላይ ሊቋረጥ አይችልም።

ዝርዝሩ በየ8 ሰዓቱ አንድ አስተባባሪ በስልክ ቁጥሩ ይኑረው፤ ተረኞች ይፈርሙበት፤ አንዱ ቅጂ በገቢ ቁጥር ለአስተዳደሩ ይሰጥ፣ ሌላው ኮሚቴው ጋ ይቀመጥ። የመመለሻ ምክንያቶችንም ጻፉ፦ የብዙ ሰው አደጋ፣ ወረርሽኝ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል መሙላት። በሻሸመኔ መንገድ አውቶቡስ ቢገለበጥ አስተባባሪው ይደውላል፣ ሁሉም ይገባል፤ ድርድሩ ነገ ይቀጥላል።

6. ለታካሚው ንገሩት

ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት በር ላይ፣ በካርድ ክፍልና በመናኸሪያ አካባቢ በሲዳምኛና በአማርኛ፣ ለሪፈራል በኦሮምኛም ማስታወቂያ ይለጠፍ። ይዘቱ አጭር ነው፦ የትኛው አገልግሎት ይቀጥላል፣ የትኛው ይዘገያል፣ ቀጠሮ ያለው ሰው በየትኛው ቁጥር ይደውል፣ ጥያቄያችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር። የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችም ሪፈር ከማድረጋቸው በፊት ወደ ተቀባዩ ሆስፒታል እንዲደውሉ ይነገራቸው። የተኙ ታካሚዎችን ፎቶ ወይም የሞተ ሰውን ታሪክ ለቅስቀሳ መጠቀም የሙያ ምሥጢር መጣስ ነው፤ ፈቃድ ያሳጣል፣ ሕዝቡንም ያርቃል።

7. በአድማው ቀን

ማንም ሳያስረክብ አይወጣም። እያንዳንዱ ታካሚ በስም፣ በምርመራ፣ በሚቀጥለው የመድኃኒት ሰዓት ለተረኛው ይተላለፍ፣ ካርዱ ላይ ሰዓትና ፊርማ ይኑር። የፔቲዲንና የሞርፊን ቁም ሣጥን ተቆጥሮ በመዝገቡ ላይ በሁለት ፊርማ ይረከብ፤ ቁልፍ ይዞ ወደ ቤት የሄደ ሰው በስርቆት ሊጠረጠር ይችላል። የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገብ ካለ ፈርማችሁ ግቢ ውስጥ ቆዩ። ቤት መቅረት «ከሥራ ገበታ ጠፋ» ለማለት ይመቻል፤ ለ10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ያለ በቂ ምክንያት የቀረን የመንግሥት ሠራተኛ በማስታወቂያ ጠርቶ ለማሰናበትም መንገዱ አለ። ማስታወቂያ ሰሌዳውን በየቀኑ የሚያይ ሰው መድቡ። በዓመት ፈቃድ፣ በወሊድና በሕመም ፈቃድ ላይ ያሉ የፈቃድ ደብዳቤያቸውን ቅጂ ያዙ፤ ስማቸው ከአድመኞች ጋር ተደባልቆ ሲገኝ የሚያስወጣቸው እርሱ ነው።

ሰልፍ ካሰባችሁ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ለከንቲባው ጽሕፈት ቤት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። ደብዳቤው ዓላማውን፣ ቦታውንና የሚያልፍበትን መንገድ፣ ቀንና ሰዓቱን፣ የአዘጋጆቹን ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይይዛል። አዋጁ ሆስፒታልን፣ ቤተ ክርስቲያንንና መስጊድን ጨምሮ ከተዘረዘሩ ቦታዎች በ100 ሜትር ክልል ውስጥ ሰልፍ ይከለክላል። የሆስፒታሉ ግቢ ራሱ ክልክል ነው ማለት ነው፤ ብዙ ባለሙያ ይህን አያውቅም። ጋወን ላይ ጥቁር ሪባን አስሮ እየሠሩ መዋል ሰልፍም ሥራ ማቆምም አይደለም፤ እኛ ከሁሉ አስቀድሞ እንዲሞከር የምንመክረውም እርሱን ነው።

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚወጣ መግለጫ በኮሚቴው ስም የጸደቀ ብቻ ይሁን። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለግል ፖስትም ይሠራል።

8. ደብዳቤ ሲመጣ

ማስጠንቀቂያን ወይም የዲሲፕሊን ክስን አልቀበልም አትበሉ፤ ይለጠፋል፣ እንደደረሳችሁም ይቆጠራል። ተቀበሉ፣ ከፊርማችሁ ጎን «ደርሶኛል፣ በይዘቱ አልስማማም» ብላችሁ ቀንና ሰዓት ጻፉ። መልሱን በተሰጠው ጊዜ በጽሑፍ አስገቡ፤ የተጠቀሰውን ጥፋት፣ ማስረጃውንና አንቀጹን ጠይቁ። ከባድ ቅጣት ከዲሲፕሊን ኮሚቴ ምርመራ በኋላ ነው የሚወሰነው፤ የመሰማትና ምስክር የማቅረብ መብት አላችሁ። የተፈረመው የተረኞች ዝርዝርና የገቢ ቁጥር ያለው ደብዳቤ ዋጋው የሚታየው እዚህ ነው፤ ሥራው እንዳይስተጓጎል የወሰዳችሁትን ጥንቃቄ ያሳያሉና። የይግባኝ ጊዜው ውሳኔው ከደረሳችሁ ቀን ይቆጠራል፤ ያን ቀን በፊርማ መያዛችሁን አረጋግጡ።

9. ብትታሰሩ

ስማችሁን ተናገሩ፤ ከዚያ በላይ ሳትናገሩ መቆየት መብታችሁ ነው። የተያዛችሁበት ምክንያት በሚገባችሁ ቋንቋ ሊነገራችሁ፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ልትቀርቡ ይገባል (ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19)። ከትዳር ጓደኛ፣ ከቅርብ ዘመድ፣ ከሐኪምና ከጠበቃ ጋር መገናኘት በአንቀጽ 21 ተጠብቋል። ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያጣራው የያዘው የክልል ፖሊስ ነው ወይስ የፌዴራል፣ ጣቢያው የት ነው የሚለውን ነው፤ አቤቱታው የሚሄድበት ፍርድ ቤት በዚህ ይለያል። 48 ሰዓት ካለፈ ጠበቃው የአካል ነጻ ማውጣት አቤቱታ ያቅርብ። አቅም ለሌለው የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሉ። ከአድማው ቀን በፊት ሁለት የዘመድ ስልክ፣ የምትወስዱት መድኃኒትና የጠበቃ ቁጥር በኮሚቴው እጅ ይኑር። ስልክ ውስጥ ያለ የታካሚ ፎቶም አስቀድሞ ይጥፋ።

10. ስምምነቱ

«ጥያቄያችሁ ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል የአዳራሽ ንግግር ስምምነት አይደለም። ጽሑፉ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ፣ የብር መጠኑ፣ የሚፈጸምበት ቀንና የሚፈጽመው መሥሪያ ቤት ይጻፍ፤ የሚፈርመውም በዚያ ጉዳይ ሥልጣን ያለው ይሁን። ሥራ አስኪያጁ ስለ ስኬል ቢፈርም ወረቀቱ አይሠራም። ሦስት አንቀጾች አይቅሩ፦ በአድማው በመሳተፉ ማንም እንደማይቀጣና የተጀመረ ክስ እንደሚነሣ፣ የአድማው ቀናት ደመወዝ ምን እንደሚሆን፣ የተከማቸ የቀጠሮ ኦፕሬሽን በምን ፕሮግራምና በየትኛው የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንደሚሠራ። ሦስተኛው ካልተጻፈ በአድማው የጠየቃችሁትን ያልተከፈለ ሰዓት በመመለሻው ሳምንት ራሳችሁ ትጨምሩበታላችሁ። የታሰረ ባልደረባ ካለም የመፈታቱ ጉዳይ ከመመለሻው ቀን ጋር በአንድ ገጽ ላይ ይጻፍ።